ራስ መኮንን፦ የጦር አዛዥና ተደራዳሪ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም በምድር ባቡር ስትቆረቆር የሐረርጌ ገዢ የነበሩት ራስ መኮንን ወልደሚካኤል በ1844 ዓ.ም ተወልደው፣ ከ1879 ዓ.ም ጀምሮ ሐረርን አስተዳድረዋል።

የወታደራዊ ሣይንስ ምሁራን ጠላትን ከጥቃት ስለመግታት ሁለት ንድፈ ሃሳቦችን ያነፃፅራሉ። አንዱ ወረራው እንዳይሳካ የሚያደርግ መከላከያን፣ ሌላው የአፀፋ ቅጣትን ያስቀድማል። ሁለቱም የሚሠሩት ባላጋራው የአገሪቱን አቅም ሲያምንበት ነው።

የራስ መኮንን ሕይወት ይህንኑ ያረጋግጣል። በ1882 ዓ.ም ኢጣሊያ ሄደው የተፈራረሙት ተጨማሪ ውል ወረራውን አላስቀረም። በ1888 ዓ.ም በአምባላጌና በአድዋ ከተዋጉ በኋላ ግን፣ በ1889 ዓ.ም ከብሪታኒያ መልዕክተኞች ጋር በተደረገው የድንበር ድርድር ብሪታኒያ ይገባኛል ትለው ከነበረው የሶማሌ ምድር ከፊሉን ለቅቃለች።

ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም በቁልቢ አርፈው በሐረር ተቀብረዋል።