ዋላስ ካሮተርስ፦ እንከን ብሎ የተወው ነገር ከሞቱ በኋላ የተፈለገለት ኬሚስት

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ፣ በኮኞ ኮኞ ገበያ፣ የታሸገ ውሃ የሚሸጠው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ባዶውን ጠርሙስ ዝናብ ሲጥል ጎርፍ ጠራርጎ ወደ ነጭ አባይ ይወስደዋል። በከተማዋ ከማሽላ ሊጥ የሚጋገረው ኪስራ ደግሞ፣ እንደ እንጀራ ሁሉ፣ ኮምጠጥ የሚለው ሊጡ ሲብላላ በሚፈጠረው ላክቲክ አሲድ ነው። ከዚሁ አሲድ ዛሬ የምግብ ማሸጊያ ይሠራል። ጠርሙሱም ማሸጊያውም ፖሊስተር ናቸው፤ የሁለቱም ሐረግ የሚመዘዘው ከአንድ ቤተ ሙከራ ነው። የቤተ ሙከራው መሪ ሁለቱም ገበያ ላይ ሲውሉ አላየም።

ዋላስ ሂዩም ካሮተርስ እአአ ሚያዝያ 27/1896 በአሜሪካ አይዋ ግዛት፣ በርሊንግተን ከተማ ተወለደ። አባቱ የንግድ ኮሌጅ መምህር ነበር፤ ልጁም በመጀመሪያ የሒሳብ አያያዝ ተማረ። ልቡ ግን ኬሚስትሪ ላይ ነበርና ሚዙሪ ወደሚገኘው ታርኪዮ ኮሌጅ ገባ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኮሌጁን ሲለቁ፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ኬሚስትሪ እንዲያስተምር ተመደበ። በ1924 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ፤ በኋላም ወደ ሃርቫርድ አቀና።

ዱፖንት የተባለው የኬሚካል ኩባንያ የምርምር ቡድን እንዲመራ ሲጋብዘው ወዲያው እሺ አላለም። ከወጣትነቱ ጀምሮ እየመላለሰ የሚይዘው ከባድ ድብርት ነበረበት፤ ይህንንም ለኩባንያው አልሸሸገም። ሥራ ፈላጊ ድካሙን በሚደብቅበት ዓለም እንዲህ ያለ ግልጽነት ብርቅ ነው። ኩባንያው ግን ግብዣውን አላነሳም። ካሮተርስ በ1928 በዴላዌር ግዛት፣ ዊልሚንግተን ከተማ ሥራውን ጀመረ።

በዘመኑ ጎማና ሐር ከምን እንደተሠሩ ሊቃውንት ይከራከሩ ነበር። ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር እጅግ ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው ሲል ብዙዎች አልተቀበሉትም። ካሮተርስ ክርክሩን በእጁ ሥራ ሊፈታው ፈለገ። አሲድና አልኮል ሲጣመሩ የውሃ ሞለኪውል ይለቀቃል። በሁለቱም ጫፋቸው መያያዝ የሚችሉ አሲድና አልኮል ከተመረጡ፣ እንደ ሰንሰለት ቀለበቶች እየተቀጣጠሉ ይሄዳሉ። ችግሩ የተለቀቀው ውሃ ነበር፤ እዚያው ከቀረ ሰንሰለቱ አይረዝምም። ቡድኑ አየር በተመጠጠበት መሣሪያ ውሃውን እየለየ አወጣው።

በሚያዝያ 1930 የሥራ ባልደረባው ጁሊያን ሂል ከቀለጠው ፖሊስተር ላይ በዘንግ ቀጭን ክር መዘዘ። ክሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲጎተት ከመበጠስ ይልቅ ይበልጥ ይጠነክር ጀመር። ተመራማሪዎቹ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ለማየት በኮሪደሩ ላይ እየጎተቱት እንደሮጡ ይነገራል።

ደስታው ግን አልዘለቀም። ክሩ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይቀልጣል፤ ውሃም ያዳክመዋል። ታጥቦ የማይተኮስ ልብስ ማን ይገዛል? ቡድኑ በ1932 ከላክቲክ አሲድ የሚገኘውን ፖሊስተርም ሠርቶ ነበር፤ ሰንሰለቱ ግን አጭር ሆኖ ቀረ። ፖሊስተሮቹ ወደ ጎን ተተዉ፤ ፊቱን ወደ ሌላ ዓይነት ሰንሰለት ያዞረው ቡድን የካቲት 28/1935 ናይለንን ሠራ።

ካሮተርስ በ1936 ትዳር መሠረተ፤ በዚያው ዓመትም ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ተመረጠ። ከ50 በላይ የፈጠራ መብቶች በስሙ ተመዝግበዋል። እሱ ግን አንዳች ፍሬ ያለው ነገር እንዳልሠራ ይሰማው ነበር። በጥር 1937 የሚወዳት እህቱ ኢሶቤል ሞተች። 41ኛ ዓመቱን በያዘ በሁለተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 29/1937፣ በፊላደልፊያ ከተማ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ባለቤቱ ሔለን ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጁ ጄን በኅዳር ተወለደች። የናይለን የሴቶች ካልሲ በመላ አሜሪካ ለሽያጭ የቀረበው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1940 ነበር።

በ1941 እንግሊዛውያኑ ጆን ዊንፊልድና ጄምስ ዲክሰን ካሮተርስ ካቆመበት ተነሡ። ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የተሠራ፣ ሙቀትም ውሃም የማይበግረው ፖሊስተር አገኙ። በ1973 ደግሞ የዱፖንቱ መሐንዲስ ናትናኤል ዋይዝ ከዚሁ ፖሊስተር የተሠራ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የፈጠራ መብት አገኘ። ዛሬ አባይ ላይ የሚንሳፈፈው ይኸው ነው፤ አለመበስበሱ ያኔ እንደ ድል ተቆጥሮለታል።

ዛሬ ተመራማሪዎች ካሮተርስ እንደ እንከን ያየውን ይፈልጉታል፤ በውሃና በሙቀት መፍረሱን። ከበቆሎ ስታርች በሚገኝ ላክቲክ አሲድ የሚሠራው ፖሊስተር ከ2002 ጀምሮ በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት በትልቅ ፋብሪካ ይመረታል፤ ኩባያ፣ የሰላጣ ሳህንና የምግብ መጠቅለያ ይሆናል። የካሳቫ ስታርችም ለዚህ ያገለግላል፤ ካሳቫ ደግሞ በጁባ ዙሪያ ባለው የኢኳቶሪያ ምድር የሚበቅል የዘወትር ምግብ ነው።

ነገር ግን የቀደመው እንከን ሁለት ስለት አለው። ይህ ፖሊስተር ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳልና ትኩስ ሻይ የተቀዳበት ኩባያ ቅርጹ ይበላሻል። በፍጥነት የሚፈርሰውም ይህን ያህል ሙቀት በሚጠበቅበት የብስባሽ ማዘጋጃ ውስጥ እንጂ በወንዝ ዳር አይደለም። ቆሻሻ ተለይቶ በማይሰበሰብበት ከተማ፣ ከካሳቫ የተሠራው ኩባያም ከጠርሙሱ ጋር አብሮ ወደ ወንዙ ይወርዳል።