ኤድዋርድ ሩፔልና የጣና ዓሣዎች ስም

ከነቀምት ተነሥቶ ወደ ጊምቢ የሚያመራው መንገድ ዲጋን አልፎ ቁልቁል ይወርድና ከዴዴሳ ወንዝ ያደርሳል። ክረምት ሲገባ ከዲጋ ኮረብታዎች የሚፈልቁት ትንንሽ ጅረቶች ቀዩን አፈር እያጠቡ ወደ ዴዴሳ ይወርዳሉ፤ ዴዴሳም የሰበሰበውን ሁሉ ይዞ ከዓባይ ይቀላቀላል። በዚህ ውኃ ከሚኖሩት ዓሣዎች መካከል ቅርፊቱ ሰፋፊ፣ ከአፉ ግራና ቀኝ ጢም መሰል ሥጋ የሚወርድለት፣ በጣና አካባቢ ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ይገኝበታል። ይህ ወገን በሳይንስ ቋንቋ ላቤኦባርበስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው ዲጋን አላየም፤ የወለጋን ምድርም አልረገጠም። ይሁን እንጂ በወለጋም ሆነ በጎጃም የሚያስተምር የባዮሎጂ መምህር የወንዙን ዓሣ ለተማሪዎቹ ሲያሳይ የሚጠራው ስም የእርሱ ስያሜ ነው። ሰውየው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው።

ሩፔል የተወለደው በኤውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 20 ቀን 1794 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ባለ ባንክ ስለ ነበሩ ልጁም የንግድን ሥራ እንዲወርስ ታስቦ ነበር። በ1817 ወደ ግብጽና ወደ ሲና በረሓ ያደረገው ጉዞ ግን ሐሳቡን ለወጠው። የሒሳብ መዝገብ ትቶ የፍጥረትን መዝገብ ለማገላበጥ ቆረጠ። በዚያው ዓመት በፍራንክፈርት ከተማ የዘንከንበርግ የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር ተመሥርቶ ነበርና፣ በሚቀጥለው ዓመት የማኅበሩ አባል ሆነ። ከዚያም ወደ ኢጣሊያ ሄዶ በፓቪያና በጄኖቫ ስለ ዕፀዋትና ስለ እንስሳት የሚሰጠውን ትምህርት ተከታተለ።

የመጀመሪያው ታላቅ ጉዞው በ1820ዎቹ ዓመታት የተፈጸመ ነው። ሲናን አቋርጦ እስከ ዐቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሰ፤ ዓባይን ተከትሎ ወደ ኑብያ ወጣ፤ በቀይ ባሕርም ዓሣዎችን ሰበሰበ። ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ለመግባት ቢመኝም ምጽዋ ከደረሰ በኋላ ጤናው አልፈቀደለትም። በ1827 ወደ ኤውሮፓ ሲመለስ ምኞቱ ገና አልተፈጸመም ነበር።

ምኞቱ የተፈጸመው በሁለተኛው ጉዞው ነው። በ1831 ምጽዋ ሲደርስ አገሪቱ በዘመነ መሳፍንት መካከል ትገኝ ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ተገድለው ትግራይ በደጃዝማች ውቤ እጅ በመግባት ላይ ስለ ነበር መንገዱ አስተማማኝ አልነበረም። ሩፔል ወራት ታግሦ በ1832 ወደ ደጋው ወጣ፤ ተከዜን ተሻግሮ በሰሜን ተራሮች በኩል ጎንደር ገባ። በሰሜን ተራራ ላይ ያያቸው እንስሳት ስሙን አስጠርተውታል። ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ የገለጸው እርሱ ነው። ለሁለቱ ስም ሲያወጣ ከራሱ አልፈጠረም፤ የአገሬው ሰው ጭላዳና ዋልያ ሲል የሰማውን ወስዶ በላቲን ጽሕፈት አሰፈረው እንጂ።

ጎንደር በዚያን ጊዜ የጥንት ኃይሏ ቢደክምም የሊቃውንት ከተማ መሆኗ አልቀረም። ሩፔል ከከተማዋ ታዋቂ ሊቃውንት አንዱ ከነበሩት ከሊቅ አጥቁ ጋር ወዳጅነት መሠረተ፤ የብራና መጻሕፍትንም አሰባሰበ። እነዚህን መጻሕፍት በኋላ ለትውልድ ከተማው ቤተ መጻሕፍት አበርክቷቸዋል። ከዚህም ሩፔል አገሪቱን የራሷ ዕውቀትና የራሷ መዝገብ ያላት አድርጎ እንደ ተመለከታት መረዳት ይቻላል። ይህ አመለካከቱ በዓሣዎች ላይ በሠራው ሥራ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ከጎንደር በስተ ደቡብ የደምቢያ ሜዳ ተዘርግቶ ከጣና ሐይቅ ይደርሳል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ይወረወራል። ከፏፏቴው በታች ያለ ዓሣ፣ ከዴዴሳ ዘመዶቹ ጭምር፣ ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህም የጣና ነጭ ዓሣ ከቀሩት ተለይቶ ለብዙ ሺህ ዓመታት የየራሱን መልክና አመጋገብ እያበጀ ኖረ። በሐይቁ ዳር በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ዓሣ በማጥመድ የኖሩት ወይጦዎችም ይህን ውኃ ከማንም በፊት ያወቁት ናቸው።

ሩፔል ከዚህ ውኃ የሰበሰባቸውን ዓሣዎች ወደ ፍራንክፈርት ወስዶ በ1835 ባዘጋጀው ጽሑፍ ገለጻቸው። አንዳንዶቹን ኢንተርሜዲየስ፣ አፊኒስ፣ ኤሎንጋተስ እያለ በላቲን ሰየማቸው። አንዱን ትንሽ ዓሣም ከደምቢያ አውራጃ ስም በመነሣት ደምቤንሲስ አለው። የቀሩትን ግን ከአገሬው አንደበት በሰማው ስም ጠራቸው፤ ጎርጓሪ፣ ሱርኪ፣ ነጅያና በሶ የተባሉት ናቸው። ላቤኦባርበስ የተባለውን የወገን ስም ሲያቋቁምም ምሳሌ አድርጎ ያስቀመጠው ነጅያን ነበር። ስለዚህ ከኢትዮጵያ አልፎ በመላው አፍሪቃ ለተሠራጨ አንድ ሰፊ የዓሣ ወገን መለኪያ የሆነው የጣናው ነጅያ ነው።

ከ1835 እስከ 1840 ስለ ኢትዮጵያ እንስሳት፣ በ1838 እና በ1840 ስለ ጉዞው የጻፋቸው መጻሕፍት ታተሙ። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው፤ ይህን ሽልማት ካገኙት የውጭ አገር ሰዎች የመጀመሪያው እርሱ ነበር። ቀሪ ዘመኑን በፍራንክፈርት በሙዚየምና በጥንታዊ ሳንቲሞች ጥናት ሲያሳልፍ ኖሮ ዲሴምበር 10 ቀን 1884 በ90 ዓመቱ ዐረፈ።

የሰውየው ሕይወት በዚህ ቢፈጸምም ያወጣቸው ስሞች ዕጣ ገና አልተፈጸመም ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በጣና ዓሣዎች ላይ ስም በስም ጨመሩባቸው። በመጨረሻም በ1973 ባኒስተር የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ባደረገው ሰፊ ክለሳ የጣናዎቹን ትላልቅ ባርበሶች ሁሉ በኢንተርሜዲየስ ሥር ጠቀለላቸው። እንደዚህ አስተያየት ከሆነ ጎርጓሪም ሆነ ነጅያ መልኩን የሚለዋውጥ የአንድ ዓሣ ልዩ ልዩ ገጽታ እንጂ ራሱን የቻለ ዝርያ አልነበረም። የአገሬው ሰው ለየብቻ የጠራቸው በሳይንስ ዘንድ አንድ ሆነው ቀሩ።

ተመሳሳይ ነገር በኤውሮፓ ትራውት በተባለው ዓሣ ላይም ደርሶ ነበር። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ የተራራ ጅረት የሚወድ ዓሣ ነው። የኤውሮፓ አጥማጆችም በበጋቸው ወራት ከላባና ከክር በተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ እያታለሉ ያጠምዱታል። በእኛም አገር በባሌ ተራሮች ወንዞች ይገኛል፤ በዚያ ግን ከኬንያ የመጣ እንግዳ ነው። በአየርላንድ በሜልቪን ሐይቅ ዳር የሚኖሩ አጥማጆች የሐይቁን ትራውት ጊላሩ፣ ሶናገንና ፌሮክስ በማለት ለይተው ይጠሩት ነበር። ሊቃውንቱ ግን ሁሉንም በአንድ ዝርያ አጠቃለሉት። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ የዘር ውርስ ምርመራ ሲደረግ ሦስቱ እርስ በርሳቸው የማይዳቀሉ፣ የየራሳቸው የመራቢያ ሥፍራ ያላቸው ሆነው ተገኙ። መንጠቆ የያዘው ሰው ያየውን የቤተ ሙከራው ሰው ዘግይቶ አየው።

ለጣናም ይኸው ቀን መጣ። በ1990ዎቹ ናኸልከርከና ሲቢንግ የተባሉት የሆላንድ ተመራማሪዎች ዓሣዎቹን በቅርጽ፣ በአመጋገብና በመራቢያ ሥፍራ ለይተው ሲመረምሩ ከአሥር የሚበልጡ የተለያዩ ዝርያዎች አገኙ። ጎርጓሪ፣ ሱርኪና ነጅያ እንደገና ስማቸውን አገኙ፤ ሩፔል ያወጣው የወገን ስምም ተመለሰ። በሶም ቢሆን የወገን ስሙ ቢለወጥም የራሱ ስም አልጠፋም። በአንጻሩ ሩፔል ራሱ በላቲን ከሰየማቸው መካከል አፊኒስና ኤሎንጋተስ በኢንተርሜዲየስ ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። በ1997 ከተሰየሙት አዳዲስ ዝርያዎች አንዱ ደግሞ ቅርጹ ትራውት ስለሚመስል ትሩቲፎርሚስ ተብሏል።

ይህ ልዩነት የስም ክርክር ብቻ አለመሆኑ በየክረምቱ ይታያል። ከሐምሌ ጀምሮ ብዙዎቹ የጣና ነጭ ዓሣዎች ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በድርማ፣ በገልዳና በግልገል ዓባይ በኩል ወደ ላይ ይወጣሉ። ውኃው ንጹሕና አየር የበዛበት፣ ሥሩ ጠጠር የሆነ ትንሽ ገባር እስኪያገኙ ድረስ ይጓዛሉ፤ እንቁላላቸውንም በዚያ ይጥላሉ። በዚህ ጉዞ ላይ ሳሉ በወንዝ አፍ መረብ የሚዘረጋባቸው ሰው የሚይዘው የዓመቱን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥሉትንም ዓመታት ነው። ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በሐይቁ ላይ ተስፋፍቷል። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ባርበሶች ቁጥር 75 በመቶ ያህል፣ የጫጩቶቹ ደግሞ 90 በመቶ ያህል መቀነሱ በጥናት ተረጋግጧል። ሁሉም አንድ ዝርያ ቢሆኑ ኖሮ በአንዱ ወንዝ ያለቀው በሌላው ይተካል ማለት ይቻል ነበር። ልዩ ልዩ ከሆኑ ግን የጠፋው ለዘለዓለም ይጠፋል፤ ጎርጓሪ ከጣና ከጠፋ ከየትም ሊመጣ አይችልም።

ሩፔል በጎንደርና በደምቢያ የቆየው ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ሐይቁን ሙሉ በሙሉ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ የሚያውቁትን ሰዎች ስም አጠራር ግን አልናቀም። ከሥራው ሁሉ ጸንቶ የቆየው ክፍል ይኸው ነው። በዴዴሳ ዳርና በዲጋ ጅረቶች የሚያጠምዱ ሰዎችም ለየዓሣው የየራሳቸው ስም አላቸው። በክረምት ወደ ጅረቱ የሚወርድ መምህር ወይም ተመራማሪ መረቡን ከመዘርጋቱ በፊት እነዚህን ስሞች ጠይቆ ቢመዘግብ የሩፔልን ሥራ ካቆመበት ይቀጥላል።