ከሰሜን መሳፍንት ወገን የተወለዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል

ከጎንደር ተነስቶ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ወደ ሊማሊሞ የሚወርደው ጎዳና የሰሜንን ተራሮች በስተምሥራቅ ይተዋቸዋል። በዚሁ በሰሜን ምድር የምትገኘውን ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ሲሆኑ፣ የእቴጌ ጣይቱ አባት ራስ ብጡል ኃይለማርያምም የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ።

ደጃዝማች ውቤ በየካቲት 1847 ዓ.ም በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ድል ሲሆኑ የቤተሰቡ ሥልጣን አከተመ። አሸናፊው ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡትም ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ነበር።

የመኳንንት ሴቶች ልጆች ፊደል መቁጠር ባልተለመደበት ዘመን ጣይቱ ግዕዝና አማርኛ ተምረው አደጉ። በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥ ይጫወቱ፣ ግጥምም ይገጥሙ ነበር። ስማቸው የገነነው ግን ከግጥማቸው ይልቅ በአገር ጉዳይ በነበራቸው ድርሻ ነው።

በ1875 ዓ.ም የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በሥርዓተ ቁርባን አገቡ። ከእንጦጦ በታች ባለው በፍልውሃው አካባቢ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት እርሳቸው ሲሆኑ፣ በጥቅምት 1882 ዓ.ም የእቴጌነት ዘውድ ደፉ። ጣልያን በ1881 ዓ.ም የተፈረመውን የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያን በሞግዚትነት እንደሚያስይዝላት አድርጋ በተረጎመች ጊዜ፣ እቴጌይቱ ውሉን በጽናት ከተቃወሙት ግንባር ቀደሟ ነበሩ።

በ1888 ዓ.ም የራሳቸውን ጦር አሰልፈው ዘመቱ። በመቀሌ የጠላት ምሽግ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ ያደረጉት እርሳቸው ሲሆኑ፣ በውሃ ጥም የተጨነቀው ጦር ምሽጉን ለቆ ወጣ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋም ወታደሩን በማበረታታት፣ ውሃ በማቅረብና ቁስለኛውን በማስታመም ከሴቶች ጋር ተሰልፈው ዋሉ።

ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ መንግሥቱን በእጃቸው አድርገው ሲመሩ ቢቆዩም፣ መኳንንቱ በ1902 ዓ.ም ከሥልጣን አራቋቸው። ባለቤታቸው በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም ሲያርፉ ወደ እንጦጦ ማርያም ገብተው የቀረ ዘመናቸውን በጸሎት አሳለፉ፤ በዚያውም በየካቲት 1910 ዓ.ም ዐረፉ። አፅማቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከዐፄ ምኒልክ አጠገብ ይገኛል።

ቤተሰቡ ዘውድ ሲያጣ ያየችው ደረስጌ፣ ከዚያው ቤት የተወለዱት ጣይቱ ከ35 ዓመት በኋላ በሌላ አቅጣጫ ወደ ዙፋን እንደመጡ ታስታውሳለች።