በአያቱ ቋንቋ ከተማ የሠራው ሰው

የታዋቂ ሰዎች ዓምድ ተራ ዛሬ የእኔ ነው። ብዙዎቻችሁ ስለ ኳስ ተጫዋች የምጽፍ መስሏችሁ ነበር፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ሠዓሊ መርጫለሁ።

ነገሩ የጀመረው አክስቴ ከአውሮፓ ስትመጣ ነው። እኔ ጫማ ስጠብቅ እሷ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ገጹ ሁሉ ሥዕል የሆነ መጽሐፍ አመጣችልኝ። አኩርፌ ሁለት ቀን አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ቴሌቪዥን ስላልነበረ ገለጥኩት። ከዚያማ እናቴ ለምሳ ሦስት ጊዜ ብትጠራኝም አልሰማኋትም። ቲንቲን የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ ከነጭ ውሻው ጋር ሆኖ በቀይ ባሕር ላይ ሰው የሚሸጡ ነጋዴዎችን ያጋልጣል። ፈረንጆች እንዲህ ዓይነቱን መጽሐፍ ኮሚክ ይሉታል። እኛ ኮሚክ የምንለው አስቂኝ ሰውን ነው፤ ይሄኛው ግን የሚያስጨንቅም አለው።

የሣለው ሰው ዦርዥ ረሚ ይባላል። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 1907 በብራስልስ፣ ኤተርቤክ በምትባል ሰፈር ተወለደ። የስሙን ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት ገልብጦ በፈረንሳይኛ ሲጠራቸው ኤር እና ዤ ሆኑ፤ በዚያው ኤርዤ ተባለ። (የራሴን ሞክሬው ነበር፣ አያምርም።) ተማሪ እያለ ደብተሩ ጠርዝ ላይ ይሥል ነበር። ቲንቲንን የጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1929፣ በአንድ ጋዜጣ የልጆች እትም ላይ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 21 ነበር።

ሁለተኛው ታሪኩ ስለ ኮንጎ ነው። ሥዕሎቹን አክስቴ በስልኳ አሳየችኝና ተናደድኩ። አፍሪካውያንን እንደ ሞኝ ነው የሣላቸው። እሱ ኮንጎን በዓይኑ አላየም፤ ያኔ አገሩ ቤልጅየም ኮንጎን ትገዛ ስለነበር ሰፈሩ የሚያወራውን ሣለ።

እ.ኤ.አ. በ1934 ግን አንድ ነገር ሆነ። ስለ ቻይና ሊሥል ሲል አንድ ቄስ መጀመሪያ እንዲያጠና መከሩት፤ ብራስልስ ሥነ ጥበብ ከሚማር ዣንግ ቾንግሬን ከሚባል የሻንጋይ ልጅ ጋርም ተገናኘ። ሁለቱም የ1907 ልጆች፣ እኩያሞች ናቸው። ዣንግ ስለ አገሩ ብዙ ነገር አስተማረው። በመጽሐፉ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚታዩት የቻይና ጽሑፎች ዝም ብለው የተሞነጫጨሩ አይደሉም፤ እውነተኛ ቻይንኛ ናቸው፣ አንዳንዶቹም የጃፓንን ወረራ ይቃወማሉ። የቤልጅየም ልጆች ጌጥ መስሏቸው አልፈውታል፤ ቻይንኛ የሚያውቅ ግን ያነበዋል! ዣንግ በ1935 ወደ አገሩ ተመለሰና ተጠፋፉ። እንደገና የተገናኙት በ1981 ነው፣ ከ46 ዓመት በኋላ። ሁለቱም ሸምግለው።

አሁን ወደ ወደድኩት ነገር ልምጣ። ብራስልስ ውስጥ ማሮል የሚባል የድሆች ሰፈር ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ቋንቋ የፍላሚሽና የፈረንሳይኛ ድብልቅ ሲሆን፣ የተማሩ ሰዎች ይንቁት ነበር። የኤርዤ አያት ግን ይናገሩት ነበር፤ እሱም ከእሳቸው ሰማ። ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ለፈጠራ አገሮቹ ቋንቋ ሲያስፈልገው የአያቱን ቋንቋ አጻጻፉን ለውጦ አስገባው። ሲልዳቪያ የምትባለው መንግሥት ቋንቋ የምሥራቅ አውሮፓ ይመስላል፤ ውስጡ ግን አብዛኛው የብራስልስ ሰፈር ወሬ ነው። በእኔ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የበረሃ ከተማ ዋዴስዳ ይባላል። ዐረብኛ አይመስልም? ትርጉሙ በብራስልስ ቋንቋ ያ ምንድን ነው ማለት ነው። ባብ ኤል ኤር የሚባለው ሼክ ደግሞ ለፍላፊ ማለት ነው።

ሁሉንም ነገሩን አላደንቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች በሚቆጣጠሩት ጋዜጣ ላይ ሠርቷል፤ ቤልጅየም ነፃ ስትወጣም ታስሯል፣ ለጊዜውም ከጋዜጣ ሥራ ታግዷል። እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1983 ሲሞት 23 የቲንቲን መጻሕፍት ጨርሶ 24ኛውን ጀምሮ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይቀጥለው ስለፈለገ እስካሁን አዲስ ቲንቲን የለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አያቴ ጉራጊኛ ትናገራለች። ከእናቴ ጋር ምስጢር ሲያወሩ በሱ ስለሆነ እኔ አልሰማም። ባለፈው ዓመት ልትወስደኝ መጥታ በር ላይ በጉራጊኛ ስትጠራኝ ልጆች ሳቁ። እኔም እንደማላውቃት ሆኜ አብሬ ሳቅሁ። እሷ ምንም አላለችም፣ ቦርሳዬን ብቻ ተቀበለችኝ።

ስለ ዋዴስዳ ያነበብኩ ቀን ሄጄ ያ ምንድን ነው በጉራጊኛ ምን እንደሚባል ጠየቅኋት። ለምን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፣ ስሳሳት እየሳቀች። አሁን እኔም የሥዕል ታሪክ ጀምሬያለሁ። ከተማዋ ስም አላት፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። በሚቀጥለው እትም ሥዕሉ ሲለጠፍ ጉራጊኛ የምትችሉ ብቻ ትስቃላችሁ።