ፖል ብራውን፤ በወረቀት ውድድር የማይለካው አሠልጣኝ



ተማሪ በተሰበሰበበት ሁሉ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። የኛ ትምህርት ቤት ቡድን ይበልጥ ነበር፤ የለም፣ የኛ ነበር የሚል ነው። ቡድኖቹ በተለያየ ዘመን የተጫወቱ ከሆኑ ደግሞ ክርክሩ ማብቂያ የለውም። የአባትና የልጅ ቡድን አንድ ሜዳ ላይ ሊገናኙ አይችሉምና።

አሜሪካኖች ይህን ክርክር በምናብ ውድድር ለመፍታት ይሞክራሉ። የጥንት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድኖችን ይመርጡና ያስቆጠሩትንና የተቆጠረባቸውን ነጥብ አስልተው፣ ወይም ሒሳቡን ለኮምፒውተር ሰጥተው፣ እርስ በርስ ያጋጥሟቸዋል። እንዲህ ባለው ውድድር ውስጥ በቀላሉ ሊታለፍ ከማይችሉት ቡድኖች አንዱ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የማሲለን ከተማ ቡድን ነው፤ ያውም የ1940ው። በዚህ ጽሑፍ የዚያን ቡድን አሠልጣኝ የፖል ብራውንን ሕይወት ባጭሩ እናቀርባለን። ጨዋታው ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወርበት የአሜሪካ እግር ኳስ ሲሆን፣ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፖል ብራውን ሴፕቴምበር 7 ቀን 1908 በኦሃዮ ኖርዎክ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ማሲለን ተዛወረ። ማሲለን የብረት ፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ ከጎረቤቷ ከካንተን ጋር የምታደርገው የትምህርት ቤት ግጥሚያም ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የከተማው ትልቅ ጉዳይ ነው። ብራውን ሰውነቱ ቀጭን ቢሆንም በዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ ጨዋታውን የሚመራውን ቦታ ለመያዝ በቃ። ከዚያም እዚያው ኦሃዮ ውስጥ ከሚገኘው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ በ1930 ተመረቀ። በሜሪላንድ በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ካሠለጠነ በኋላ፣ በ1932 ወደ ተማረበት ትምህርት ቤት ተመለሰ።

ጊዜው የኢኮኖሚ ውድቀት አሜሪካንን ያደቀቀበት ዘመን ነበር። ወጣቱ አሠልጣኝ ሥራውን የጀመረው ከሥር ነው። ትልቁ ቡድን የሚጫወትበትን ዘዴ ከታችኛው ክፍል ላሉ ልጆች ጭምር አስተማረ። ስለዚህም ልጁ ወደ ዋናው ቡድን ሲደርስ ትምህርቱ አዲስ አልሆነበትም። ተጫዋቾቹን ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ደብተር አስያዘ፤ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ በጽሑፍ አስጠና፤ ፈተናም ሰጠ። ኳስ የጉልበት ብቻ ሳይሆን የትምህርት ሥራ መሆኑን በተግባር አሳየ።

ይሁንና ውጤቱ በአንድ ጀምበር አልመጣም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በካንተን ተሸነፈ። ከ1935 እስከ 1940 ግን ማሲለን በተከታታይ ስድስት ጊዜ የኦሃዮ ሻምፒዮን ተባለ። በዘጠኙ ዓመታት ውስጥ 80 ጊዜ ሲያሸንፍ የተሸነፈው 8 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱን እኩል ወጣ። በ1940 ዐሥሩንም ግጥሚያ ከማሸነፉም በላይ 477 ነጥብ አስቆጥሮ የተቆጠረበት 6 ብቻ ነበር። ስድስቱንም ያስቆጠረችው ያችው ካንተን ነች።

በወረቀት ውድድር የሚገባው ቁጥር ይኸው ነው። ቁጥሩ የማይናገረው ነገር ግን አለ። በዚያ ዘመን በደቡብ አሜሪካ ክፍላተ ሀገር ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በሕግ ተለያይተው ይማሩ ስለነበረ አብረው አይጫወቱም፤ አይጋጠሙምም። እንግዲህ ከዚያ የተገኘው የድል መዝገብ ሁሉ ግማሹ ሰው ከሜዳ ውጪ ተደርጎ የተጻፈ ነው። በማሲለንና በካንተን ሁኔታው ይለይ ነበር። በ1940ው ቡድን ውስጥ ከጎሉት ተጫዋቾች አንዱ ጥቁሩ ሆራስ ጊሎም ነበር። በካንተን በኩል ደግሞ ማሪየን ሞትሊ የተባለ ጥቁር ተማሪ ተጫውቷል። ሞትሊ በነበረበት ጊዜ የካንተን ቡድን የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሦስቱንም ያሸነፈው የብራውን ቡድን ነው። ብራውን ግን አሸንፎት አልረሳውም።

ብራውን በ1941 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1942ም ቡድኑ የአገሪቱ ሻምፒዮን ተባለ። ከዚያ ቡድን ጥቁሩ ቢል ዊሊስ ይገኝበት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብራውን በክሊቭላንድ አዲስ የባለሙያ ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑም በስሙ ብራውንስ ተባለ። ዋናው የባለሙያዎች ሊግ ከ1934 እስከ 1945 አንድም ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም ነበር። ብራውን ግን በ1946 ዊሊስንና ሞትሊን አስጠርቶ በተፎካካሪው ሊግ አሰለፋቸው። ይህም ጃኪ ሮቢንሰን በቤዝቦል ዋናው ሊግ ከመሰለፉ አንድ ዓመት በፊት ነው። በዓመቱ ጊሎም ተከተለ። ቡድኑም የዚያን ሊግ ዋንጫ አራት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ፤ ወደ ዋናው ሊግ በገባበት በ1950፣ ኋላም በ1954ና በ1955 አሸነፈ።

ይህ ሲባል ግን ብራውንን የነፃነት ታጋይ አድርገን ልንስለው አንፈልግም። ዓላማው ማሸነፍ ነበር። በ1946 ቡድኑ ወደ ፍሎሪዳ ሲሄድ የዚያ አገር ሕግ ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይጫወቱ ይከለክል ስለነበረ፣ ዊሊስና ሞትሊ ክሊቭላንድ ቀሩ፤ ቡድኑ ያለነሱ ተጫወተ። ይህን ከታሪኩ መሰረዝ ለሱም ለነሱም ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም የማሸነፍ ፍላጎቱ ብቻውን እንኳ የቀለም አጥርን ከንቱነት ለማሳየት በቅቷል። ሰውን በችሎታው የመረጠ ቡድን በቀለሙ የመረጠውን ደጋግሞ አሸንፏልና።

ብራውን በ1963 መጀመሪያ ላይ በስሙ ከተጠራው ቡድን ተባረረ። ተስፋ አልቆረጠም፤ በሲንሲናቲ ሌላ ቡድን መሥርቶ ከ1968 እስከ 1975 አሠለጠነ። ኦገስት 5 ቀን 1991 ዐረፈ። የማሲለን ስታዲየም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እንግዲህ ጓዶች፣ በመኝታ ቤታችን የጥንት ቡድኖችን ስናጋጥም ማን ያሸንፍ ነበር ብለን መከራከራችን አይቀርም፤ ጨዋታም ነውና ደስ ይላል። ከዚያ ጥያቄ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ እንድናስቀድም የብራውን ሕይወት ያሳስበናል። እሱም፣ ሜዳ እንዲገባ የተፈቀደለት ማን ነበር፣ በር ላይ የቀረውስ ማን ነው የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ የቡድኖቹ ብልጫ በእርግጥ ተለክቷል ለማለት አንችልም።