ሄሚንግዌይ እና ስሙ ያልተጻፈው ሽማግሌ

በልጅነቱ ኩባ ሄዶ የተማረ ወዳጅ አለኝ። አባቶቻቸው በኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት ከወደቁባቸውና በኩባ የወጣቶች ደሴት ካደጉት በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ነው። ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ ኩባ ነው። ባለፈው ሰሞን ግን ተጨቃጨቅን። ያጨቃጨቀን ከሞተ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነው አሜሪካዊ ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ ነው። ወዳጄ፣ ሰውዬው የድሃ ዓሣ አጥማጆችን ታሪክ ወስዶ የከበረ ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ ሕግ እንደተማረ ሰው ጠበቃ ቆምኩለት። የረታሁ መስሎኝ ነበር፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

እስቲ ከመነሻው ላንሳው (ከሕጎቻችን በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሄሚንግዌይን ከኩባ ጋር ያቆራኘው ድርሰት ሳይሆን ዓሣ ነው። በ1932 ከፍሎሪዳ በወዳጁ ጀልባ ተሻግሮ፣ ማርሊን የሚባለውን አፈ ሾጣጣ ግዙፍ ዓሣ ማጥመድ ጀመረ። ከሃቫና ፊት ለፊት ሞቃቱ የገልፍ ስትሪም ጅረት ስለሚያልፍ ማርሊን ወደ ዳርቻው ይቀርባል። ሱስ ሆነበት። በ1934 ኤስኳየር ከተባለው መጽሔት 3,000 ዶላር ቀብድ ተቀብሎ፣ 38 ጫማ የምትረዝም ጀልባ በ7,495 ዶላር ኒው ዮርክ ውስጥ ገዛ። ፒላር አላት። ከ1939 ጀምሮ ደግሞ ከሃቫና ወጣ ብሎ ፊንካ ቪሂያ በተባለ ግቢ ተቀመጠ፤ ፒላርንም ኮሂማር በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ያቆማት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚህችው ጀልባ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አድናለሁ ብሎ መሣሪያና ቦምብ ጭኖ ባሕሩን ሲያስስ ከርሟል። አንድም አልያዘም። ሦስተኛ ሚስቱ ማርታ ጌልሆርን ነዳጅ በራሽን በሆነበት ዘመን ዓሣ ለማጥመድ የተገኘ ዘዴ አድርጋ ነበር የምታየው፤ እኔም ወደ እሷ አደላለሁ።

እሱ የሚያጠምደው ለጨዋታ ነው። ውድ ዘንግ፣ መጠቅለያ፣ ሞተርና ረዳት አለው። የኮሂማር ሰዎች ያንኑ ዓሣ የሚይዙት በትንሽ ጀልባ፣ ገመዱን በመዳፋቸው ጨብጠው፣ ለእንጀራቸው ነው። በዚህ መሀል ነው ታሪኩን የሰማው። ሚያዝያ 1936 በኤስኳየር ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ፣ ብቻውን ወጥቶ ትልቅ ማርሊን ስለያዘ አንድ ሽማግሌ ይተርካል። ዓሣው ጀልባውን እየጎተተ ወደ ጥልቁ ወሰደው። ከሁለት ቀን በኋላ ሌሎች አጥማጆች ሲያገኙት 60 ማይል ያህል ርቆ ነበር። ከዓሣው የተረፈው ከግማሽ በታች ነው፤ እሱም 800 ፓውንድ መዘነ። ሌላውን ሻርኮች በልተውታል። ሽማግሌው ያለቅሳል፣ አእምሮውንም ሊስት ደርሷል። ስሙ በጽሑፉ ውስጥ የለም።

ከ16 ዓመት በኋላ ይኸው ታሪክ «ሽማግሌውና ባሕሩ» ሆኖ ወጣ። በመስከረም 1952 ላይፍ መጽሔት ሙሉውን ሲያትመው በሁለት ቀን ከአምስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ1953 ፑሊትዘር፣ በ1954 ኖቤል ተከተለ።

ለወዳጄ ያቀረብኩት መከራከሪያ የታወቀ ነው። የእኛው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ቢሆን የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን የሐሳቡን አገላለጽ ነው። በሰው ላይ የደረሰ ነገር የማንም ንብረት አይደለም። ሽማግሌው ቢከስስ እንኳ ይረታል ብዬ አላምንም። ግን እኮ ጥያቄው የፍርድ ቤት አልነበረም!

ሄሚንግዌይ ራሱ ዕዳ የተሰማው ይመስለኛል። የኖቤል ሜዳሊያውን ለኩባ ሕዝብ ብሎ ሰጥቶ በኤል ኮብሬ ቤተ ክርስቲያን አስቀምጦታል። አጥማጆቹም አልተቀየሙትም። ሐምሌ 1961 አሜሪካ ውስጥ ራሱን ካጠፋ በኋላ፣ የኮሂማር ሰዎች ከጀልባዎቻቸው የነሐስ ቁርጥራጭ አዋጥተው የራሱን ቅርጽ አሠርተው በ1962 ባሕሩ ዳር አቆሙለት። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ድሃ መቼ ቂም ይይዛል ብሎ ነው ያለፈኝ።

በስሙ የተሰየመ የዓሣ ማጥመድ ውድድርም አለ፤ የተጀመረው በ1950 ነው። በግንቦት 1960 ያሸነፉት ፊደል ካስትሮ ሲሆኑ ዋንጫውን የሰጣቸው እሱ ነው። በዓመቱ ደራሲው ሲሞት የእሳቸው መንግሥት ቤቱን ተረከበ። ባለቤቱ ሜሪ ወረቀቶቹንና አንዳንድ ሥዕሎችን እንድታወጣ ተፈቀደላት፣ ቤቱም ስጦታ ተባለ። በአዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ያየ አገር ሰው እንዲህ ያለውን ስጦታ ምን ብሎ እንደሚጠራው አንባቢዬ ያውቃል።

ፒላርን ያገኙት የጀልባዋ ሹም ግሪጎሪዮ ፉዌንቴስ ናቸው። ቱሪስቶች የመጽሐፉ ሽማግሌ እኚህ ናቸው እያሉ ይጎበኟቸው ነበር፤ እሳቸውም እየተከፈላቸው ያወጉ ነበር። መጽሐፉ ሲወጣ ግን ገና 55 ዓመታቸው ነበር። በ2002፣ በ104 ዓመታቸው አረፉ። ጀልባዋን ለመንግሥት አስረክበዋል። ዛሬ ፊንካ ቪሂያ ውስጥ፣ ቀድሞ የቴኒስ ሜዳ በነበረው ቦታ፣ መጠለያ ተሠርቶላት ደረቅ መሬት ላይ ቆማለች። ወዳጄን ለሚቀጥለው ቡና ቀጥሬዋለሁ፤ የ1936ቱን ጽሑፍ ይዤለት እሄዳለሁ።