ጆርጅ ጋሉፕና የመራጩ ሕዝብ ልብ

በሆሳዕና ገበያ ስንዴ የሚገዛ ነጋዴ የጆንያውን አናት ብቻ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። እጁን ሰድዶ ከመካከሉም ከሥሩም ጥቂት ጥቂት ዘግኖ ይመለከታል። በሚገባ የተዘገነ ጭብጥ ስለ ኩንታሉ ይመሰክራል፤ ከአናቱ ብቻ የተዘገነ ግን የቱን ያህል ቢበዛ ከስሕተት አያድንም። ይህንኑ ዘዴ የመራጭን ሐሳብ ለማወቅ የተጠቀመበትን ሰው የሕይወት ታሪክ ለተማሪ ጓደኞቻችን በአጭሩ ማቅረብ ወደድን። ዓ.ም. ካላልን በቀር ዘመኑን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጆርጅ ጋሉፕ በ1901 በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት፣ ጄፈርሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ የተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። ከዚያም አንባቢ በእርግጥ የሚያነበው ምኑን ነው የሚለውን ጥያቄ ይዞ መረመረ፤ በ1928 የዶክተርነት ማዕርግ ያገኘውም በዚሁ ነው። ሰው ምን እንዳነበበ በደፈናው ሲጠየቅ ከበድ ያለውን ርእሰ አንቀጽ ይጠቅሳል። ጋሉፕ ግን ከአንባቢው ጋር ቁጭ ብሎ ጋዜጣውን ገጽ በገጽ ሲያገላብጥ፣ ብዙው ሰው የሚያዘወትረው የሥዕል ቀልዱን መሆኑን ደረሰበት። ሰው ለጠያቂው የሚሰጠው መልስና በልቡ ያለው ነገር ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ የተማረው ከዚህ ነው።

በ1932 አማቱ ለአዮዋ ግዛት ጸሐፊነት ተወዳድረው አሸነፉ። ጋሉፕም ሐሳቡን ወደ ምርጫ መለሰ፤ በ1935 የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ተቋምን መሠረተ። በሚቀጥለው ዓመት ሩዝቬልትና ላንደን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው ዝነኛ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወረቀት ልኮ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና ላንደን ያሸንፋል አለ። ጋሉፕ በጣም ጥቂት ሰዎችን ጠይቆ ሩዝቬልት እንደሚያሸንፍ ተናገረ፤ መጽሔቱ እንደሚሳሳትም አስቀድሞ አስታወቀ። ላንደን ከ48ቱ ግዛቶች 2 ብቻ አገኘ። መጽሔቱ ስሞቹን በአብዛኛው የለቀመው ስልክና መኪና ካላቸው ሰዎች መዝገብ ስለ ነበር ድኻው አልተጠየቀም። ከአናቱ ብቻ ተዘግኖ ነበር ማለት ነው።

ጋሉፕ አሸናፊን መገመት ብቻ ሥራዬ ነው አላለም። በአንድ ምርጫና በሚቀጥለው መካከል ፖለቲከኛው ሕዝቡ ይህን ይሻል እያለ በሕዝብ ስም እንዳይነግድ፣ ስለ ሕጉና ስለ ተስፋው ሕዝቡ ራሱ መጠየቅ አለበት ብሎ ያምን ነበር። በ1937 ብቁ የሆነች ሴት ለፕሬዚዳንትነት ብትቀርብ ትመርጣላችሁ ወይ ብሎ ሲያስጠይቅ፣ እሺ ያለው ከመቶ 33 ነበር። ይህን የመሰለውን መልስ የድምፅ ሣጥን ብቻውን ሊነግረን አይችልም።

ዳሩ ግን ዝናው ከውድቀት አላዳነውም። በ1948 ዲዊ ትሩማንን ያሸንፋል ብሎ አስታወቀ፤ ያሸነፈው ትሩማን ሆነ። ጠያቂዎቹ በዕድሜ፣ በጾታና በኑሮ ደረጃ የተወሰነላቸውን ቁጥር እየሞሉ ሰዎቹን ራሳቸው ይመርጡ ነበር፤ መጠይቁም ምርጫው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ቆሞ ነበር፤ በመጨረሻ የወሰኑት ግን ብዙ ነበሩ። ጋሉፕ ከዚህ በኋላ ሰዎቹ በዕጣ የሚለዩበትን ዘዴ ያዘ፤ እስከ ምርጫው ዋዜማ መጠየቅንም ተማረ። በ1984 በስዊስ አገር በ82 ዓመቱ አረፈ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅማል? በ1992 ዓ.ም. በግንቦትና በሰኔ በተካሄደው ምርጫ የሀዲያ ገበሬ ብዙ ጫናና ማስፈራራት እያለበት ድምፁን በዶክተር በየነ ጴጥሮስ ለሚመራው የሀዲያ ተቃዋሚ ድርጅት ሰጠ፤ በዞኑም ገዢው ፓርቲ ተሸነፈ። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ሼቲል ትሮንቮል የገበሬዎቹን ቃል ሰብስቦ በ2001 ባሳተመው ጥናት ይህን ዘርዝሮ ጽፏል። እስቲ እናስብ፤ በዚያ ሰሞን አንድ ጠያቂ በቀበሌ ሹም እየተመራ ከገበሬው ደጃፍ ደርሶ ማንን ትመርጣለህ ቢለው ምን ይመልስለት ነበር? በ2013 አፍሮባሮሜትር በኢትዮጵያ ባደረገው መጠይቅ ብዙ ሰው ስለ አገሩ ዴሞክራሲ መልካም ምስክርነት ሲሰጥ፣ መልሱ ከፍርሀት የመጣ ይሆን ወይ ብለው የጠየቁት መልሱን የመረመሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

ጋሉፕ ማንን እንጠይቅ የሚለውን በሚገባ መለሰ። ተጠያቂው ሳይፈራ ይናገራል ወይ የሚለው ግን ለእኛ የቀረ የቤት ሥራ ነው። ከመካከላችን ብዙዎች ነገ ቅጽ ይዘን ወደ ሌሞ፣ ወደ ሶሮ፣ ወደ አንጋጫና ወደ ዶዮገና ገጠር እንወጣለን። ያን ጊዜ ገበሬውን በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ፣ ሹም በሌለበት፣ ስሙን ሳንጽፍ እንጠይቀው። ሴቲቱንም ባሏ በሚሰማበት አንጠይቃት። ተወዳዳሪው ቃል የገባው መንገድና የውኃ ጉድጓድ ለማን እንደሚጠቅም በደፈናው ሳይሆን አንድ በአንድ እናንሣላቸው። ይህን ሳናደርግ የሰበሰብነው ቁጥር፣ በሠንጠረዥ ቢያምርም፣ የሕዝብ ሐሳብ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።